ኦፕራሲዮን ለቀረባችሁ ልጆች

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስልኬ የሚጮኸው ባብዛኛው በአንድ ጉዳይ ነው። የዘመድ ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ፣ የልጄ ጓደኛ ይደውልና «ሲስተር፣ ቀጠሮዬ ደርሷል፣ ምን ላድርግ?» ይለኛል። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት የቀዶ ሕክምና በሽተኞች በሚተኙበት ዋርድ ስለሆነ አይገርመኝም። መልሴ ለሁሉም ያው ስለሆነ እስቲ አንዴ ልጻፈው። ስለ ቢላውና ስለ ስፌቱ ሐኪማችሁን ጠይቁ። እኔ የማወራው ከዚያ በፊትና በኋላ ስላለው ተራ ነገር ነው፤ ስለ መታጠብ፣ ስለ መተንፈስ፣ ስለ መናገር። በተለይ ስለ መናገር። ወጣቱ ጤነኛ ልብና ጤነኛ ሳንባ ይዞ ይመጣና በይሉኝታ ራሱን ሲጎዳ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ጫትን እንውሰድ። ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ መጥቶ «ትቅማለህ? ታጨሳለህ? ትጠጣለህ?» ብሎ ሲጠይቅ እናት አጠገብ ከተቀመጠች መልሱ ሁልጊዜ «ኧረ በፍጹም!» ነው። ልጄ፣ ሰውዬው ሊፈርድብህ አይደለም የመጣው። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ እሱ ደግሞ አንተ ተኝተህ ሳለ የሚጠብቀው እነዚህኑ ሁለቱን ነው። ሲጋራ ሳንባን በአክታ ይሞላል፣ ቁስሉም ቶሎ እንዳይገጥም ያደርጋል። በየቀኑ በብዛት የሚጠጣ ሰው ደግሞ አልጋ ላይ ሆኖ ድንገት ሲቋረጥበት ሊንቀጠቀጥና ሊቃዥ ይችላል። ቀድመው ካወቁት መላ አለው። እናት ባለችበት መናገር ከከበዳችሁ «እማዬ፣ እስቲ ውሃ ግዢልኝ» በሉና ስትወጣ ንገሩት። ሲጋራውን ከቀዶ ሕክምናው ቢያንስ 4 ሳምንት በፊት ያቆመ ሰው በግልጽ ይጠቀማል፤ ቀጠሮው የቀረበበትም ቢሆን ዛሬ ቢያቆም ይሻለዋል።

የሚዋጥና የሚጠጣ ነገር ሁሉ እንዲሁ ይነገራል። አስፕሪን፣ የስኳርና የግፊት መድኃኒት፣ ጠዋት ጠዋት በማር የምትወስዱት ነጭ ሽንኩርት፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ አክስት ከገጠር የላከችው ሥራ ሥር። አንዳንዱ ደም ያቀጥናል፣ አንዳንዱ ከማደንዘዣው ጋር አይስማማም። ሴቶች ልጆች፣ የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስዱም ተናገሩ፣ አንዳንዱ ዓይነት እግር ውስጥ ደም የመርጋት ዕድልን ስለሚጨምር ሐኪሙ ማወቅ አለበት። እርግዝና ሊኖር ይችላል ብላችሁ ከጠረጠራችሁም እንዲሁ። የትኛው መድኃኒት ይቁም፣ የትኛው ይቀጥል የሚለውን ግን በራሳችሁ አትወስኑ፤ ጠይቃችሁ ጻፉት።

«ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ ምንም እንዳትቀምስ» የሚባለው ለቅጣት አይደለም። ሰው ሲደነዝዝ ጨጓራው ውስጥ ያለው ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባው ሊገባ ይችላል፣ ያ ደግሞ ይገድላል። በአጠቃላይ ቀለል ያለ ምግብ 6 ሰዓት፣ ሥጋና ቅባት የበዛበት 8 ሰዓት ይፈልጋል። ንጹህ ውሃ ማደንዘዣው ሊሰጥ 2 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ የሚፈቅዱ አሉ፤ የእናንተ ሆስፒታል ያላችሁን ተከተሉ፣ ምክንያቱም ተራው ሊቀዳደም ይችላል። ዋዜማውን «ጉልበት ይሁንህ» ብሎ ቁርጥ የሚጋብዝ ዘመድ አይጠፋም፤ ከዳናችሁ በኋላ ይጋብዛችሁ። ተሳስታችሁ ጠዋት አንድ ጉርሻ ከበላችሁም ተናገሩ። ቀጠሮው ይራዘም ይሆናል፣ ነርሷም ፊቷን ታጠቁርባችሁ ይሆናል። ይሁን።

ማታውን ሰውነታችሁን በሳሙና በደንብ ታጠቡ። በምላጭ ግን ምንም አትላጩ። ምላጭ በዓይን የማይታይ ቁስል ይተውና ለጀርም በር ይከፍታል፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መላጨትን አጥብቆ ይከለክላል። ፀጉሩ መነሳት ካለበት እነሱ በማሽን ያነሱታል። የጥፍር ቀለም ይልቀቅ፤ ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ በትክክል እንዲያነብ ነው። ቀለበት፣ ጉትቻ፣ የፀጉር ማስያዣ ቤት ይቅር። ማተብ ወይም ክታብ ያደረጋችሁ፣ ማውለቅ ካልፈለጋችሁ ቀድማችሁ አማክሯቸው፤ ቦታው ለሥራው እንቅፋት ካልሆነ ብዙ ጊዜ መላ ይገኝለታል። በመጨረሻው ደቂቃ በር ላይ ከሚያከራክር ይሻላል።

ደግሞ ስማችሁንና የትኛው እግር እንደሆነ ደጋግመው ሲጠይቋችሁ «እነዚህ ሰዎች አያውቁኝም እንዴ?» ብላችሁ አትደንግጡ። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት ያስተዋወቀው የማረጋገጫ ዝርዝር አለ፣ በሱ መሠረት ነው የሚጠይቁት። ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ መልሱ። ምልክቱ በቀኝ እግር ላይ ተደርጎ የሚያማችሁ ግራው ከሆነ «ዶክተር ያውቃል» ብላችሁ ዝም አትበሉ።

አሁን ከኦፕራሲዮኑ በኋላ። ማደንዘዣው ሲለቅ ያማል። ወንዶቹ ጥርሳቸውን ነክሰው ጣሪያ ሲያዩ ይውላሉ፤ «አመመህ?» ሲሏቸው «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። ለጉብዝና የሚሰጥ ኒሻን የለም። የሚያመው ሰው በጥልቀት አይተነፍስም፣ አያስልም፣ አይነሳም። ያልተነፈሰ ሳንባ የሳንባ ምች ያመጣል፣ ያልተንቀሳቀሰ እግር ደም ያረጋል። ማስታገሻ የሚታዘዘው እንድትተኙ ብቻ ሳይሆን እንድትንቀሳቀሱ ጭምር ስለሆነ ሕመሙ ሳይብስ፣ ሰዓቱን ጠብቃችሁ ውሰዱ፣ ካልበቃችሁ ተናገሩ።

ነቅታችሁ ባላችሁበት በየሰዓቱ አሥር ጊዜ ያህል አየር በደንብ ወደ ውስጥ ሳቡ፣ ትንሽ ያዙት፣ ልቀቁት። ሆዳችሁ የተሰፋ ከሆነ ትራስ ቁስሉ ላይ ደገፍ አድርጋችሁ ሳሉ። ስፌቱ ይተረተርብኛል ብሎ ሳል የሚያፍን ሰው ብዙ ነው፤ በትራስ ከተደገፈ አይተረተርም። ተኝታችሁም ቢሆን የእግራችሁን መዳፍ ወደ ላይ ወደ ታች አንቀሳቅሱ። ሐኪሙ ከፈቀደ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ተነሱ፤ መጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፣ ማዞሩ ሲያልፍ ሰው ይዟችሁ ቁሙ። እስከ መስኮቱ፣ ከዚያ እስከ ኮሪደሩ። እናቶች «ልጄን አትንኩብኝ፣ ይተኛበት» ይሉናል። እናንተ ግን ተነሱ።

ሆድ የተከፈተ በሽተኛን ነርሷ ጠዋት የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ «ፈስ ወጣ?» ሃያ ዓመት የሆናት ልጅ በዚህ ጥያቄ ብርድ ልብስ ውስጥ ስትገባ አይቻለሁ። ፈስ ማለት አንጀት ሥራ ጀመረ ማለት ነው፣ ለኛ የምሥራች ነው። አትፈሩ፣ ተናገሩ። አንዳንድ ጠንከር ያለ ማስታገሻ፣ ለምሳሌ ትራማዶል፣ ሆድ ያደርቃል፤ ሐኪሙ ምግብ ከፈቀደ በኋላ ውሃ፣ ፓፓያ፣ የተልባ ውሃና ወክ ማድረግ ይረዳሉ።

ስለ ጠያቂ ብዙ ብል ደስ ይለኛል። ባህላችን ነው፣ የሚያኮራም ነው፣ ማንም ብቻውን አይታመምም። ግን ቁስሉ ያልጠገገ ልጅ ለታላቆቹ ክብር ብሎ እየተጣመመ ከአልጋው ሲነሳ፣ አንዱ አልጋው ላይ ተቀምጦ የስፌቱን ጎን ሲነቀንቀው፣ ሌላዋ ደግሞ «የእንትና ልጅም እንዲሁ ነበር የጀመረው፣ ነፍሱን ይማረውና» ስትል መስማት ያንገበግባል። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት አንድ ምላሷ የማይታሰር አስታማሚ ምረጡ። እህት ትሁን፣ ጓደኛ ትሁን። ሥራዋ በር ላይ እጅ ማስታጠብ፣ አልጋ ላይ ማንም እንዳይቀመጥ ማድረግና ሰዓት ሲሞላ መሸኘት ነው። ሰው ቅር እንዳይለው ብትፈሩ በኛ አመካኙ። «ሲስተሯ ተቆጥታለች» በሉ። እኛ ለምደነዋል።

ጠያቂ የሚያመጣውን ምግብ በብዛቱ አትመዝኑት። ቁስል የሚጠግገው በፕሮቲን ነው፦ እንቁላል፣ ዶሮ፣ ዓሣ፣ ወተት። በጾም ወቅት ከሆነ ምስር፣ ሽሮ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ለውዝ አለ። ደግሞም የታመመ ሰው ጾም ላይ ቤተ ክርስቲያንም እስልምናም አያስጨንቁም፤ ንስሐ አባታችሁን ወይም ኢማሙን ጠይቁ እንጂ ትሪውን ከአልጋ ሥር አትደብቁ።

ቁስሉ ላይ የቡና ዱቄት፣ ቅቤ፣ የጎረቤት ቅባት አይደረግም። ሽቶ ያመረቅዘዋል ብላችሁ አፍንጫችሁ ላይ ጤና አዳም ብትወትፉ አልቆጣችሁም፣ ጉዳት የለውም። እኔን የሚያሳስበኝ ሽታ ሳይሆን ያልታጠበ እጅ ነው። ብዙ ጊዜ ከ48 ሰዓት በኋላ ሻወር መውሰድ ይፈቀዳል፤ ከተፈቀደላችሁ ውሃው ይፍሰስበት፣ አትሹት፣ በንጹህ ፎጣ ጫን ጫን አድርጋችሁ አድርቁት። ትኩሳት 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ቁስሉ እየቀላና እየሞቀ ከሄደ፣ መግል ካወጣ፣ የአንድ እግር ባት ካበጠና ካመመ፣ ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ሽንት እምቢ ካለ ወይም ትውከት ካላቆመ ሌሊትም ቢሆን ተመለሱ። ፎቶ አንስታችሁ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ይሄ ኖርማል ነው?» አትበሉ፣ ከፋርማሲም በግምት አሞክሳሲሊን አትግዙ።

ቤት ስትገቡ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ውሃ መጥቷል፣ ጀሪካኑ ባዶ ነው፣ እናት ብቻዋን ናት። የሞላ ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። ሆዱ ወይም ቡአው የተሠራ ሰው በአብዛኛው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ከባድ ነገር አያነሳም፣ በቀዶ የወለደችም ጭምር። ሰነፍ ቢሏችሁ ይበሏችሁ። በመጀመሪያው 24 ሰዓት መኪና አትንዱ፣ አትጠጡ፣ ውል አትፈርሙ፤ ጭንቅላቱ የነቃ ቢመስልም ማደንዘዣው ሙሉ በሙሉ ላይለቀው ይችላል። ሳምንት ሁለት ሳምንት ሆድ ሊብሳችሁ፣ ያለ ምክንያት ሊያስለቅሳችሁ ይችላል፤ የተለመደ ነው። ካልተወ ግን ይሄንንም ለሐኪሙ ንገሩት።

የመጨረሻው ይሉኝታ የአለቃ ነው። ሥራ እንዳይበደል ብሎ ስፌቱ ሳይወጣ ቢሮ የሚገባ አለ። በግል ድርጅት የምትሠሩና የሙከራ ጊዜያችሁን የጨረሳችሁ ከሆነ፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕመም ፈቃድ ይሰጣችኋል፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ፣ ከዚያ በኋላ 3 ወራት ያለ ክፍያ። የሚፈለገው የሕክምና ማስረጃ ነው። ከሆስፒታሉ ሳትወጡ ወረቀቱ ላይ የሐኪሙ ፊርማና ማኅተም መኖሩን እዩ፤ ለማኅተም ብቻ ብሎ ሆድን ይዞ በሚኒባስ መመለስ ያሰለቻል።