ወደ ሚንዶ የደመና ደን ለወፍ እይታ፦ ሎጅ መምረጥና ጉዞ ማቀድ (ጥያቄና መልስ)

ይህ የጥያቄና መልስ ክፍለ ጊዜ የሚያተኩረው በኢኳዶር ሰሜን ምዕራብ፣ ከኪቶ ከተማ ወደ ምዕራብ በሚወርደው የአንዲስ ተዳፋት ላይ ነው። ታንዳያፓ፣ ሚንዶና ሚልፔ የሚባሉት ቦታዎች ያሉት እዚያ ነው። ጥያቄዎቹ ከአገር ቤትም ከውጭም የመጡ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የደመና ደን በብዙ አገር አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ሚንዶ የሚመከረው ለምንድን ነው?

መልስ፦ በአጭር መንገድ ብዙ ከፍታ ስለሚገኝበት ነው። ከፓስፊክ ውቅያኖስ የሚነሳው እርጥብ አየር ተራራውን ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጭጋግ ይሆናል። ዛፎቹ በዛፍ ሽበት (ሞስ)ና በኦርኪድ የተሸፈኑት ከዝናቡ ሌላ ከጭጋጉም ውሃ ስለሚያገኙ ነው። ወፎቹ ደግሞ እያንዳንዱ የራሱን ከፍታ ይመርጣል፤ በ2,000 ሜትር የሚኖረው በ1,200 ሜትር ብዙ ጊዜ አይገኝም። እዚህ ከ3,500 ሜትር በላይ ተነስተው በአንድ ቀን መኪና እስከ 350 ሜትር መውረድ ይቻላል። በአካባቢው በሚደረገው ዓመታዊ የገና ሰሞን ቆጠራ በአንድ ቀን ከ400 በላይ ዝርያ የተመዘገበባቸው ዓመታት አሉ።

ጥያቄ፦ ሎጁ በዛብኝ፤ ሁሉም ሥዕሉ ያምራል። በምን ልለይ?

መልስ፦ የክፍሉን ፎቶ ወደ ጎን ይተዉትና መጀመሪያ ከፍታውን ይጠይቁ። ቤያቪስታ የተባለው ሎጅ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ፕሌት ቢልድ ማውንቴን ቱካንና ቱካን ባርቤት የተባሉትን ወፎች ለማየት ትክክለኛው ከፍታ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 በፊት በሳይንስ ስም ያልነበረው ኦሊንጊቶ የተባለው የሌሊት እንስሳም እዚያ ይታያል። ታንዳያፓ በርድ ሎጅ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን የሃሚንግበርድ (በአየር ላይ እያንዣበበ የአበባ ወለላ የሚጠጣ ትንሽ ወፍ) ቦታ ነው። ሚንዶ ከተማ 1,250 ሜትር አካባቢ ናት። ሚልፔ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ሪዮ ሲላንቼ 350 ሜትር ገደማ ደርሶ ቆላ ደን ሆኗል። ስለዚህ ሁለት ሎጅ ሲይዙ አንዱ ከ1,700 ሜትር በላይ፣ ሌላው ከ1,300 ሜትር በታች ይሁን። በአንድ ከፍታ ላይ ያሉ ሁለት ሎጆች መያዝ ትልቁ ስህተት ነው፤ ዕቃ ጠቅልሎ፣ ግማሽ ቀን አቃጥሎ ያንኑ ወፍ ማየት ነው።

ቀጥሎ ሎጁን በጽሑፍ የሚጠይቁት ይህ ነው፦

ሌሊት ነፍሳት የሚስብ መብራትና ነጭ ጨርቅ አላችሁ? ጨርቁ ላይ ያደረውን የእሳት ራት ለመልቀም ንጋት ላይ ወፎች ይመጣሉ፤ በደኑ ውስጥ ሦስት ሰዓት ፈልገው የማያገኙትን በሃያ ደቂቃ፣ ዐይን ለዐይን በሆነ ርቀት ያያሉ። ይህ ያለው ሎጅ አልጋው ቢጠብም ይመረጣል።

ቁርስ ስንት ሰዓት ነው? ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት የማይሰጥ፣ አሽጎም የማያስይዝ ከሆነ የቀኑን ምርጥ ሁለት ሰዓት ይወስድብዎታል።

ከክፍሉ ወጥቶ በእግር የሚደረስ መንገድ አለ? ተዳፋቱስ ምን ያህል ነው? እንደ ግድግዳ የቆመ መንገድ ላይ ወደ ላይ እያዩ መሄድ አይቻልም። በሰፊ የመኪና መንገድ ዳር መራመድ ብዙ ጊዜ ከጠባቡ የደን መንገድ ይሻላል፤ ሰማይ ስለሚታይ ብርሃን አለ፣ በዛፍ ጫፍ የሚያልፈውን ቅይጥ መንጋም (የተለያየ ዝርያ ወፎች አብረው የሚጓዙበትን) መከተል ይቻላል። የድሮው የኖኖ–ሚንዶ መንገድ የተወደደው ለዚህ ነው።

በመጨረሻ ልብስ ማድረቂያ ቦታና ቦቲ ጫማ ማዋስ ይጠይቁ። እግርዎ ትልቅ ከሆነ ቁጥሩን አስቀድመው ይንገሩ፤ ትልልቁ ቁጥር ቶሎ ያልቃል።

ጥያቄ፦ ሚንዶ ከተማ ውስጥ ርካሽ ሆቴል ይዤ በየቀኑ ብመላለስስ?

መልስ፦ ይቻላል፣ ገንዘብም ይቆጥባል። ግን ከእሑድ ማታ እስከ ሐሙስ ያድርጉት። ዓርብና ቅዳሜ የኪቶ ሰው ለመዝናናት ይወርዳል፤ ሙዚቃው እስከ ሌሊት ነው፣ መንገዱም በመኪና ይሞላል። ሌላው ወጪ መመላለሻው ነው፤ ወፍ የሚታየው ጎህ ሲቀድ ስለሆነ ከከተማዋ ወደ ላይኛው ከፍታ ለመድረስ በሌሊት መነሳትና ታክሲ መኮናተር ግድ ይላል። አራት ቀን የሚኮናተሩት መኪና ከሎጁ ልዩነት ሊበልጥ ስለሚችል አስቀድመው ያስሉት።

ጥያቄ፦ አንድ ሳምንት ነው ያለኝ። ከቨርጂኒያ ነው የምነሳው። ቀን በቀን ቢያስቀምጡልኝ?

መልስ፦ ኪቶ ሲደርሱ ማታ ከሆነ ወደ ከተማው አይግቡ። አውሮፕላን ማረፊያው እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ያለው ታባቤላ ነው፤ በአቅራቢያው ይደሩ። በማግስቱ በቀጥታ ወደ ታንዳያፓ ሸለቆ ይውረዱና በላይኛው ሎጅ ሦስት ሌሊት ይቆዩ። የመጀመሪያውን ከሰዓት በኋላ የትም አይሂዱ፤ የስኳር ውሃው መጠጫ ሥር ተቀምጠው ሃሚንግበርዶቹን አንድ በአንድ ይለዩ። በሁለተኛው ቀን እየበረሩ ሲያልፉ ያውቋቸዋል።

ከዚያ ወደ ሚንዶ ወርደው ሦስት ሌሊት። አንዱ ጠዋት ለፓስ ዴ ላስ አቬስ (ወፎችን የሚያላምዱት የገበሬው የአንሄል ፓስ መሬት)፣ አንዱ ለሚልፔ ይሁን። ሚልፔ ላይ ክለብ ዊንግድ ማናኪን የተባለውን ትንሽ ወፍ ይፈልጉ፤ ወንዱ ክንፉን ፈትጎ እንደ ማሲንቆ ክር ያለ ድምፅ ያወጣል። ሦስተኛውን ጠዋት ባዶ ይተዉት። በዝናብ የተበላሸ ቀን መኖሩ አይቀርምና መተኪያው እሱ ነው።

በመጨረሻው ቀን በሌሊት ተነስተው ያናኮቻ ወደተባለው ከፍተኛ ጥብቅ ቦታ፣ ከዚያ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ። ይህን የሚያደርጉት በረራዎ ማታ ከሆነ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ያናኮቻን ሌሎች በመጀመሪያው ቀን ያስገባሉ። እርስዎ ለምን መጨረሻ ላይ?

መልስ፦ በከፍታው ምክንያት። ያናኮቻ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። በባሕር ጠለል አካባቢ ለሚኖር ሰው፣ ከዋሽንግተንም ሆነ ከቴል አቪቭ ወይም ከዱባይ፣ ትናንት ተነስቶ ዛሬ እዚያ መራመድ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ ሳምንቱን ሙሉ ሊያበላሽ ይችላል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ደሙ 2,400 ሜትር ገደማ የለመደ ስለሆነ መጀመሪያ ቢያደርገውም ብዙ አይጎዳም። ቦታው መቅረት ግን የለበትም፦ ምንቃሩ ከአካሉ የሚረዝመው ሶርድ ቢልድ ሃሚንግበርድ እዚያ መጠጫው ላይ ይመጣል። ጥብቅ ቦታውም እ.ኤ.አ. በ2001 የተቋቋመው ብላክ ብሬስትድ ፓፍሌግ ለተባለው ሊጠፋ ለተቃረበ ሃሚንግበርድ ነው።

ጥያቄ፦ በየትኛው ወር ልሂድ?

መልስ፦ በዚህ በምዕራቡ ተዳፋት ደረቁ ጊዜ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። የእኛን ክረምት ያህል ማለት ነው፣ ግን በተቃራኒው። ከጥር እስከ ግንቦት ዝናቡ ይበረታል፤ ሆኖም ወፉ የሚዘምረውና ጎጆ የሚሠራው በአብዛኛው ያኔ ስለሆነ እርጥበቱን ከቻሉ መጥፎ አይደለም። በየትኛውም ወር ጠዋቱ ብሩህ፣ ከሰዓት በኋላው ጭጋግ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ዋናውን ሥራ ከቀኑ 5 ሰዓት በፊት ይጨርሱ።

ወደ ምሥራቁ ተዳፋት፣ ወደ ጓንጎና ሳን ኢሲድሮ ሎጆች መቀጠል የሚፈልጉ ይጠንቀቁ። ያኛው ወገን ዝናቡን የሚያገኘው ከአማዞን በኩል ነው፤ ምዕራቡ ሲደርቅ በሰኔና በሐምሌ እዚያ ያለማቋረጥ ይዘንባል።

ጥያቄ፦ አንትፒታ የሚባለውን ወፍ ገበሬው በስም ጠርቶ ያወጣዋል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። አንሄል ፓስ የተባሉ ገበሬ በመሬታቸው ላይ ያለችውን ጃያንት አንትፒታ ማሪያ ብለው ሰየሟት፤ የምድር ትል እየሰጡም አላመዷት። ይህ ወፍ በጥቅጥቅ ደን መሬት ለመሬት የሚሄድ፣ ድምፁ እንጂ አካሉ የማይታይ ነበር። ዘዴው ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ተቀድቷል፤ ቤተሰቡም ደኑን ሳይቆርጥ ይኖርበታል። እዚያ መክፈል የደን ጥበቃ ነው ብለው ሳይቆጩ ይክፈሉ።

እዚያ የጠዋቱ መርሐ ግብር የሚጀምረው በጨለማ ነው፤ ኮክ ኦፍ ዘ ሮክ የተባለው ቀይ ወፍ፣ በአገሩ ቋንቋ ጋዮ ዴ ላ ፔኛ፣ ወንዶቹ ተሰብስበው የሚጮኹትና የሚጨፍሩት ጎህ ሲቀድ ነው። ብርሃን ከሞላ በኋላ የደረሰ ሰው ባዶ ቅርንጫፍ ያያል። አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፦ ከሾፌር ጋር ሲቀጣጠሩ እነሱ አምስት ሰዓት የሚሉት የእኛ ሌሊት 11 ሰዓት ነው። በወረቀት ጽፈው ያሳዩ። ፀሐይ ግን አገሩ በምድር ወገብ ላይ ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ እንደ እኛ አቆጣጠር 12 ሰዓት ገደማ ትወጣለች፣ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች።

ጥያቄ፦ ባይኖኩላር ልገዛ ነው። ሻጩ አሥር እጥፍ የሚያጎላውን ውሰድ ይለኛል።

መልስ፦ ለደመና ደን 8 በ42 ይውሰዱ፤ 8 የሚያጎላበት እጥፍ፣ 42 የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊሜትር ነው። 42ን ለ8 ሲያካፍሉ ወደ ዐይን የሚገባው የብርሃን ክብ 5.25 ሚሊሜትር ነው፤ በ10 በ42 ግን 4.2 ብቻ። ጭጋግ ውስጥ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ይህ ልዩነት ወፉ ጥቁር ጥላ ይሁን ወይስ ቀለሙ ይታይ የሚለውን ይወስናል። በተጨማሪ 8ቱ ሰፊ ሜዳ ስለሚያሳይ በቅጠል መሃል የሚዘልለውን ቶሎ ያገኙታል፤ የእጅ መንቀጥቀጥንም ያን ያህል አያጎላም። ውሃ የማያስገባና ውስጡ በናይትሮጅን ጋዝ የተሞላ ይሁን፤ ያለዚያ በሁለተኛው ቀን ከውስጥ ይሸፈናል፣ በጨርቅም አይወለወልም። ከ2 ሜትር ርቀት ጀምሮ የሚያጠራ መሆኑን ሱቁ ውስጥ ይሞክሩ፤ ሃሚንግበርድ ከዚያ በላይ ይቀርባል።

ጥያቄ፦ ካሜራዬ ባለፈው እርጥብ አገር ሻግቶ መጣ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የሻገተው ማታ ማታ እርጥብ ማንጠልጠያውን ከነካሜራው ቦርሳ ውስጥ ዘግተው ስላሳደሩት ሊሆን ይችላል። ማንጠልጠያውን ፈትተው ውጭ ይስቀሉ። ካሜራውን በደረቅ ጨርቅ ጠርገው፣ አፉ በሚታሸግ ፌስታል ውስጥ እርጥበት ከሚመጥጠው ሲሊካ ጄል ጋር ያሳድሩ። ቀለሙ የሚለወጠውን ሲሊካ ይግዙ፤ እርጥበት ሲጠግብ ያሳይዎታል፣ ወጥ ቤት ውስጥ ምድጃ አጠገብ ደርቆ እንደገና ያገለግላል።

ለፎቶው፦ የቆመ ወፍ ከሆነ የመዝጊያ ፍጥነት 1/250 ሰከንድ ይበቃል፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) ግን እስከ 3,200 ወይም 6,400 ለማድረስ አይፍሩ። የሚያንዣብብ ሃሚንግበርድ በ1/2,000ም ክንፉ ይደበዝዛል፤ ስህተቱ የእርስዎ አይደለም።

ጥያቄ፦ በዐቢይ ጾም ነው የምንሄደው። ሎጅ ውስጥ የጾም ምግብ ይገኛል?

መልስ፦ ይገኛል፣ ቦታ ሲይዙ ከነገሯቸው። «ቬጀቴሪያን» ካሉ ዕንቁላልና አይብ ያመጣሉ፤ «ቬጋኖ» ይበሉ። ጨምረውም «ሲን ካርኔ፣ ሲን ሌቼ፣ ሲን ኬሶ፣ ሲን ዌቮ፣ ሲን ማንቴኪያ» ብለው ይጻፉ፤ ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተት፣ ያለ አይብ፣ ያለ ዕንቁላል፣ ያለ ቅቤ ማለት ነው። ሎክሮ የሚባለው የድንች ሾርባ ጾም ይመስላል፣ አይብ ግን አለበት። ሩዝ፣ ሜኔስትራ የሚሉት የባቄላ ወይም የምስር ወጥ፣ የተጠበሰ ፕላንቴይን አስተማማኝ ናቸው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ምሳውን እንዲያቆዩላችሁ ንገሯቸው።

ጥያቄ፦ ቪዛ?

መልስ፦ የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ለ90 ቀን ያለ ቪዛ ይገባል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ቲኬት ሳይቆርጡ ቆንስላውን በጽሑፍ ይጠይቁ። ብዙ ሰው የሚረሳው መተላለፊያውን ነው፦ በአሜሪካ በኩል የሚያልፍ የአሜሪካ ቪዛ ይጠየቃል፤ በማድሪድ ወይም በአምስተርዳም በኩል የሚያልፍ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ባለቤትም የአውሮፕላን ማረፊያ መተላለፊያ ቪዛ ሊያስፈልገው ይችላል። የቢጫ ወባ ክትባት ቢጫ ካርድዎን ይያዙ።

የአገሩ ገንዘብ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የአሜሪካ ዶላር ነው። ባለ 50ና ባለ 100 ኖት በገጠር ማንም አይቀበልዎትም፤ ባለ 1፣ ባለ 5ና ባለ 10 ይዘው ይግቡ።

ጥያቄ፦ መኪና መከራየት ግዴታ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ከኪቶ ኦፌሊያ መናኸሪያ ወደ ሚንዶ አውቶቡስ አለ፣ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ለላይኛው ሎጅ ግን ሎጁ ራሱ መኪና እንዲልክ ይጠይቁ። በጭጋግ የማያውቁትን ጠመዝማዛ መንገድ መንዳት አይመከርም።

ጥያቄ፦ የወፍ ድምፅ በስልክ ከፍቼ ብጠራቸውስ?

መልስ፦ ተዉት። ወንዱ ተቀናቃኝ የመጣ መስሎት ጎጆውን ጥሎ ይወጣል፤ በየቀኑ በርካታ ቡድን በሚያልፍበት መንገድ ላይ ይህ ሲደጋገም ቦታውን ይለቃል። ሜርሊን የተባለውን የስልክ መተግበሪያ ወፉን ለመለየት ብቻ ይጠቀሙ፤ የኢኳዶሩን ጥቅል ከመነሳትዎ በፊት ያውርዱ፣ ደኑ ውስጥ ኔትወርክ አይጠበቅም።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ነኝ። ከመሄዴ በፊት የት ልለማመድ?

መልስ፦ መናገሻ ሱባ። ነጭ ጉንጭ ያለው ቱራኮ፣ የሐበሻ ካትበርድ፣ ቢጫ ግንባር በቀቀን ጥላ ባለው ረጅም ዛፍ ላይ ናቸው፤ ወፉን በዐይን ሳይለቁ ባይኖኩላሩን ወደ ዐይን ማንሳት የሚለመደው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ጊዜና መንገድ ከፈቀደ ደግሞ የሐረና ደን አለልዎት። እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ በተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከጎባ በሰነቴ በኩል ወደ ዶሎ መና ሲወርዱ ከ4,000 ሜትር ውርጭ ተነስተው ጭጋጋማ ደን ውስጥ ይገባሉ፤ ዝቅ ሲሉ ደግሞ የዱር ቡና ያገኛሉ። ወፎቹ ከሚንዶው ፍጹም ሌላ ናቸው፣ ሃሚንግበርድም ከአሜሪካ አህጉራት ውጭ የለም። ነገር ግን ዝምታው፣ ጭጋጉ መውረዱ፣ አንድ ሰዓት ምንም ሳይታይ ቆይቶ ቅይጡ መንጋ በአንድ ጊዜ ከራስ በላይ መሙላቱ አንድ ዓይነት ነው። መንጋው ሲመጣ አንዱን ወፍ ለይተው እስከ መጨረሻው ማየትን እዚያው ይለማመዱ፤ ሁሉንም ልይ ያለ አንዱንም አይለይም።