የመታሰቢያ እትም ሸክላ ይገዛ ወይስ አሮጌው ይፈለግ?

ጠያቂያችን የእንግሊዙን የሮክ ባንድ የፒንክ ፍሎይድን አልበም «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» በ50ኛ ዓመት መታሰቢያ እትሙ መግዛት ይሻል እንደሆነ ወይም የ1973ቱን ሸክላ ማፈላለግ ይበልጥ እንደሆነ ጠይቀዋል (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)። የሮክ ሸክላዎችን ለብዙ ጊዜ ከሰበሰብሁበት ልምድ ስነሣ፣ በሽፋኑ ላይ የተለጠፈው «50ኛ ዓመት» የሚል ወረቀት ስለ ድምፁ ምንም አይነግርዎትም። ድምፁን የሚወስኑት ሸክላው የተወሰደበት ቴፕ ወይም ፋይል፣ ድምፁን ላከር በሚባለው ሰሌዳ ላይ የቀረጸው ባለሙያና ያተመው ፋብሪካ ናቸው።

ይህ አልበም በየዓመት በዓሉ እንደገና ሲታተም ኖሯል። የ2003ቱን የ30ኛ ዓመት እትም የድምፅ ባለሙያዎቹ ዳግ ሳክስና ኬቨን ግሬይ ከዋናው ማስተር ቴፕ (የተጠናቀቀው ቅንብር ከተቀዳበት ቴፕ) አዘጋጅተውታል። የ2016ቱ፣ ምንም በዓል ያልተለጠፈበት፣ የሌሎች ባለሙያዎች፣ የጄምስ ገትሪ፣ የጆኤል ፕላንትና የበርኒ ግራንድማን ሥራ ነው። ሁለቱም በእጄ አሉ፤ በእኔ ጆሮ የ2003ቱ ድምፃውያኑን ጥቂት ያቀርባቸዋል፣ የ2016ቱ ደግሞ ጸጥ ባሉት ክፍሎች ላይ መንሿሿቱ ያነሰ ነው። የ2023ቱ ሣጥን የገትሪን አዲስ ሪማስተር (ትርጉሙን ከታች እገልጻለሁ)፣ በ1974 በዌምብሌይ የተቀዳውን ኮንሰርትና የአትሞስ (ድምፅ ከየአቅጣጫው የሚሰማበት) ቅጂ ይዟል፤ አልበሙን ብቻ ለሚፈልግ ሰው ግን አብዛኛው ክፍያ ለማያጫውተው ነገር ይሆናል። በ2024 የወጣው ጥርት ያለ ባለ ሁለት ሸክላ እትም ደግሞ በእያንዳንዱ ሸክላ አንዱ ገጽ ሥዕል ብቻ ስለሆነ፣ ከጆሮ ይልቅ ለግድግዳ የታሰበ ይመስለኛል።

ከሁሉ በላይ ገዢን የሚያሳስተው የሪማስተርና የሪሚክስ ልዩነት ነው። ሪማስተር የተጠናቀቀውን ቅንብር ሳይነካ የድምፁን ሚዛን ያስተካክላል፤ ሪሚክስ ግን እያንዳንዱ መሣሪያ ለየብቻው ወደተቀዳበት ባለ ብዙ ትራክ ቴፕ ተመልሶ ከበሮውን፣ ጊታሩንና የዘፋኙን ድምፅ እንደ አዲስ ያቀናጃል። የቢትልስ «አቢ ሮድ» የ2019 የ50ኛ ዓመት እትም ጋይልስ ማርቲንና ሳም ኦኬል ያዘጋጁት ሪሚክስ ነው። ባለሙያው ማይልስ ሾዌል ሙዚቃውንም ሰሌዳውንም በግማሽ ፍጥነት እያስኬደ ስለቀረጸው የላይኛው ድምፅ ጥራት አለው፣ እኔም ወድጄዋለሁ፤ ሆኖም በ1969 የተሰማውን ቅንብር የሚፈልግ ሰው ሌላ እትም መያዝ አለበት።

የፍሊትዉድ ማክ «ሩመርስ» ደግሞ ምንጩ ራሱ እንዴት እንደሚጎዳ ያሳያል። በ1976 ተቀድቶ ሳያልቅ፣ ተደጋግሞ ከመጫወቱ የተነሣ የዋናው ቴፕ ሽፋን እየተላጠ ከፍተኛ ድምፆቹ ስለደከሙ፣ ባለሙያዎቹ ከመጠባበቂያው ቴፕ ጋር በጆሮ እያዛመዱ ለማዳን ተገድደዋል። ከሰማኋቸው እትሞች ሁሉ የማስቀድመው ስቲቭ ሆፍማንና ኬቨን ግሬይ ለ2011 ያዘጋጁትን ነው፤ ይኸውም የመታሰቢያ እትም አይደለም። አልበሙ በአራት ገጽ ተከፍሎ በደቂቃ 45 ጊዜ ስለሚዞር፣ መርፌው በተመሳሳይ ጊዜ የሚሄደው ርቀት ይረዝማል፤ በተለይም ወደ መሐል ሲጠጋ የሚከሠተው መጎርነን በጉልህ ይቀንሳል።

ከተለመደው ስለሚወፍረው የ180 ግራም ሸክላ ክብደት ብዙ አይጨነቁ፤ ሸክላው እንዳይጣመም ይረዳ እንደሆነ እንጂ የተበላሸን ቅጂ አያሻሽልም። «ንጹህ አናሎግ» (ድምፁ ከቴፕ እስከ ሸክላ አንድም ጊዜ ወደ ዲጂታል ፋይል ሳይቀየር) የሚለውም ማስታወቂያ በጥርጣሬ ይታይ። ሞባይል ፊዴሊቲ የተባለው የታወቀ አሳታሚ ብዙ ቅጂዎቹን ለዓመታት በዲጂታል ደረጃ ሲያሳልፍ መቆየቱ በ2022 ሲገለጥ፣ እነዚያን ሸክላዎች የአናሎግ ጥግ አድርገው ያወደሱ ብዙ ሰሚዎች ነበሩ። ነገሩ ዲጂታልን አያስነቅፍም፤ ገዢው እውነቱን የማወቅ መብት እንዳለው ግን ያስገነዝባል።

የ1973ቱን የእንግሊዝ የመጀመሪያ እትም የሚሹ ከሆነ፣ በመሐሉ ወረቀት ላይ ያለው ሦስት ማዕዘን በሰማያዊ የተሞላ መሆኑን፣ ሁለቱ ፖስተሮችና ሁለቱ ተለጣፊዎችም መኖራቸውን ያረጋግጡ። ሻጩ ከመጨረሻው መስመር በኋላ ባለው ባዶ ጥቁር ቀለበት የተጫረውን ቁጥር ፎቶ ልኮ ካላሳየዎት አይክፈሉ። ማጫወቻዎ መካከለኛ ከሆነ ግን የ2016ቱን በተለመደ ዋጋ ገዝተው የተረፈውን ገንዘብ በጥሩ መርፌ ላይ ቢያውሉት እመክራለሁ።