ዳገታማ መሬትና ትራክተር፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ትራክተር መንዳትና መጠገን እንጀራዬ ነው። ዳገት ላይ ስለማረስ የጠየቃችሁኝን በየተራ ልመልስ።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን)፦ ጉራጌ ላሉት አባቴ ትራክተር ልገዛላቸው አስቤያለሁ። መሬቱ ሁለት ሄክታር ነው፣ ተዳፋት አለው። ስንት የፈረስ ጉልበት ይበቃል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከጉልበቱ በፊት ተዳፋቱን አስለካ። አንድ ሜትር ቀጥ ያለ እንጨት ይበቃል። አንዱ ጫፍ በላይ በኩል መሬት ይንካ። ግማሹ ውሃ የሆነ የሃይላንድ ጠርሙስ እንጨቱ ላይ ይጋደምና ውሃው እስኪስተካከል ሌላው ጫፍ ከፍ ይበል። ያ ጫፍ ከመሬት 20 ሴንቲ ከራቀ ተዳፋቱ 20 በመቶ ነው። እኔ ከዚያ በላይ ባለ ማሳ ትልቅ ትራክተር አግድም አላስነዳም። ደግሞስ ለሁለት ሄክታር ባለአራት ጎማ ምን ያደርጋል? የሚያከራይ ጎረቤት ካለ ይከራዩ። ከሌለ ከኋላው እየተራመዱ በእጀታ የሚነዱት ባለሁለት ጎማ ይሻላቸዋል።

ጥያቄ፦ ባለሁለት ጎማው አለኝ። ቁልቁል ስወርድ የግራውን እጀታ ስይዝ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም። እጀታውን ስትይዝ የግራው ጎማ ከሞተሩ ይላቀቃል። ሜዳ ላይ ስለሚቆም ወደ ግራ ትታጠፋለህ። ቁልቁል ላይ ግን የተላቀቀው ጎማ ይፈጥናል፣ የቀኙን ሞተሩ ይይዘዋል። ስለዚህ ቁልቁል ላይ እጀታውን አትንካ፤ በቀስታ እየሄድክ በጉልበትህ አዙረው።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ያገለገለ ትራክተር በርካሽ አገኘሁ። ከወንበሩ ኋላ የሚቆመው ብረት ግን የለውም። ልግዛ?

መልስ፦ ለዳገት? አትግዛ። ያ ብረት ትራክተሩ ሲገለበጥ አንተን ከመጨፍለቅ የሚያድን ነው። ስዊድን ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ ትራክተር ያለ እሱ እንዳይሸጥ አድርጋለች። የምትገዛው ብረቱ ካለው ቀበቶ እሰር፤ ካልታሰርክ ተወርውረህ ብረቱ ራሱ ሊያርፍብህ ይችላል። ብረት በሌለው ላይ ግን ቀበቶ አይታሰርም። የመንደር በያጅ በውሃ ቧንቧ የሚሠራውንም አልቀበልም።

ጥያቄ፦ በአራቱም ጎማ የሚነዳ የግድ ነው?

መልስ፦ ለዳገት አዎ። ጥቅሙ ሽቅብ ሲወጣ ብቻ ይመስለናል። ቁልቁል ስትወርድ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላ ጎማ ይቀላል። አብዛኛው ትራክተር ፍሬኑ ኋላ ስለሆነ ይንሸራተታል። አራቱም ሲያያዙ ሞተሩ የፊቱንም ጎማ ይይዝልሃል።

ጥያቄ፦ ቁልቁል በፎሌ (ማርሽ ሳላስገባ) ብወርድ ናፍጣ አይቆጥብም?

መልስ፦ ናፍጣ ቢቆጥብ እንኳ አንተን አይቆጥብም። ገና ሳትጀምር ዝቅተኛ ማርሽ አስገባ፤ መሃል ላይ ፍሪሲዮን አትርገጥ።

ጥያቄ (ከሰሜን ሸዋ)፦ አግድም እረሱ፣ አፈሩ እንዳይታጠብ ይሉናል። እናንተ ደግሞ አግድም ያስገለብጣል ትላላችሁ። የቱን እንስማ?

መልስ፦ ሁለቱም እውነት ነው። ሽቅብና ቁልቁል የታረሰ ማሳ በመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ አፈሩ ወንዝ ይገባል። ስለዚህ ለዘብ ባለው ተዳፋት አግድም እረሱ፣ ግን ከላይ ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ። ወደ ሁለቱም ጎን የሚገለበጥ ማረሻ ካለ አፈሩን ወደ ዳገቱ ይጣል። ያኔ ላይኛው ጎማ ቀደም ብሎ በተቀደደው ትልም ውስጥ ስለሚሄድ ትራክተሩ ራሱ ቀና ይላል። ታችኛው ጎማ ትልም ውስጥ ከገባ ግን ማዘንበሉ ይብስበታል። እርከን ጫፍና ቦረቦር አጠገብ አትጠጉ፤ ቦረቦሩ ሁለት ሜትር ከጠለቀ ቢያንስ ሁለት ሜትር ራቁ። ዋልካ አፈር ከረጠበ ደግሞ ቀኑን ዝለሉት። በጣም የቆመውን መሬት ለበሬ ወይ ለሣር ተዉት።

ጥያቄ፦ ልጆች ፓራፋንጎ (የጎማው መከለያ) ላይ ቢቀመጡስ?

መልስ፦ በጭራሽ።

ጥያቄ፦ ጭቃ ውስጥ የተቀረቀረን በሌላ ትራክተር ስንጎትት ሰንሰለቱን የት እንሰር?

መልስ፦ የሚጎትተው ኋላ፣ ዝቅ ብሎ ካለው መሳቢያ ብረት ላይ ብቻ። ከኋላ አክሰሉ በላይ ከታሰረ ፊቱ ተነስቶ ወደ ኋላ ይገለበጣል። በሰከንድ ስለሚያልቅ ፍሪሲዮን ለመርገጥ እንኳ አትደርሱም። የተቀረቀረውን መጀመሪያ ቆፍራችሁ በሪትሮ ሞክሩት፤ ብዙ ጊዜ በገባበት ይወጣል።