«ጎረቤቱ ፉል ይላል፣ መንገዱ ግን የለም»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጅማ ውስጥ የአንድ ቡና ነጋዴ ቢሮ ኔትወርክ የምይዘው እኔ ነኝ። ከሂርማታው ቢሮ እስከ መጋዘኑ ፋይበር አለ፤ በሁለቱም ጫፍ ራውተር ተክዬ ኦኤስፒኤፍ (ራውተሮች መንገድ የሚነጋገሩበት ቋንቋ) አስነስቻለሁ። ጎረቤቱን (የወዲያኛውን ራውተር) ሳየው «ፉል» ይላል፣ ሙሉ በሙሉ ተግባብተዋል ማለት ነው። ራውቲንግ ቴብሉ (የመንገዶቹ ዝርዝር) ላይ ግን የመጋዘኑ ኔትወርክ የለም። የኦኤስፒኤፍ ኔትወርክ ዓይነቱ ፖይንት ቱ ፖይንት (ለሁለት ራውተር ብቻ የሆነ) ቢሆን ይሻላል ሲሉኝ የቢሮውን ቀይሬያለሁ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ «የቢሮውን» አልክ። የመጋዘኑንስ? ኢተርኔት ካልነካኸው ብሮድካስት (ብዙ ራውተር የሚጋራው ዓይነት) ነው። ችግርህ እሱ ነው።

የሚያታልለው ታይመሩ ነው። ሁለቱም ዓይነቶች በየ10 ሰከንዱ ሄሎ ይልካሉ፣ 40 ሰከንድ ዝም ካሉ ሞተዋል (ዴድ) ይባላል። ስለዚህ ሰላምታው ይገጥማል፣ ፉል ይደርሳሉ። የሚስሉት ካርታ ግን አይገጥምም። መጋዘኑ «የጋራ ሰፈር ላይ ነኝ፣ ዲአር (ለሁሉም የሚያወራ የተመረጠ ራውተር) አለን» ይላል። ቢሮው «እኔ በቀጥታ ከሱ ጋር ነኝ» ይላል። ኦኤስፒኤፍ ደግሞ አንድን መስመር ከሁለቱም ወገን ካላረጋገጠ መንገድ አያወጣበትም። እኔ በዚሁ ምክንያት አንድ ክረምት ዝናቡን ስረግም፣ ኬብል ስቀያይር አድሬያለሁ። ጎረቤቶቹን እያቸው፦ በአንዱ ከፉል ቀጥሎ ሰረዝ፣ በሌላው የሥራ ድርሻ ተጽፎ ታገኛለህ።

ዲአር እንደ ዕድር ዳኛ ነው። 10 ራውተር አንድ ስዊች ላይ ቢሰካና ሁሉም ከሁሉም ጋር ቢያወራ 45 ጥንድ ይሆናል፤ ስለዚህ ወሬው በዳኛው በኩል ያልፋል። ለሁለት ሰው ግን ዳኛ ምን ያደርጋል? እንደኛ ከተማ መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል፤ ሁለቱም አብረው ሲነሱ ዲአር ከመመረጡ በፊት እስከ 40 ሰከንድ ይጠበቃል። ፖይንት ቱ ፖይንት ምርጫ የለውም። መካሪህ እውነቱን ነው።

የአንዱ ዓይነት ፖይንት ቱ መልቲፖይንት (አንዱ ከብዙዎች ጋር) ቢሆን ኖሮ ሄሎው 30፣ ዴዱ 120 ነበር፤ ከብሮድካስት ጋር ጭራሽ ጎረቤት አይሆኑም። እዚህ ላይ ታይመሩን በእጅ የሚያመሳስሉ ልጆች አሉ። እባክህ አታድርገው! አንተ የገጠመህን ችግር በገዛ እጅህ መፍጠር ነው። መጀመሪያ ዓይነቱን አስተካክል።

መጋዘን ድረስ መሄድ የለብህም። ከቢሮው ራውተር ሆነህ በሊንኩ አድራሻ ግባ፣ ፖይንት ቱ ፖይንት አድርገው። ጉርብትናው ለአፍታ ቢወድቅም አንተ አትቋረጥም፣ አድራሻው በቀጥታ የተያያዘ ነውና።