የዓሣ ጂን አጥንቼ ማን ይቀጥረኛል?

ጥያቄ፦ «ባህር ዳር ማስተርስ ጀምሬያለሁ። አማካሪዬ ለመመረቂያ ጽሑፌ በዓሦች ውስጥ ያለውን የጨው አጓጓዥ ጂኖች ቤተሰብ ዝግመተ ለውጥና ምደባ እንድሠራ ሐሳብ አቀረቡልኝ። ሥራው ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር ነው። ጓደኞቼ መድኃኒት አስመጪ ገብተው ደመወዝተኛ ሆነዋል። ቤተሰብም "ዓሣ ምን ይሠራልሻል?" እያለ ነው። ልተወው?»

እህቴ፣ አትተዪው። ግን አንድ ነገር ከአሁኑ እንወቅ። «የዓሣ ጂን ተመራማሪ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ አይወጣም። ቀጣሪ የሚገዛሽ በዓሣው ሰበብ ለምደሽ በምትወጪው ሙያ ነው።

ለቤተሰብ የሚሆን መልስ ላቀብልሽ። የጨው አጓጓዦቹ ቤተሰብ ኤስኤልሲ12 ይባላል። ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ክሎራይድ በሴል ሽፋን በኩል የሚያሻግሩ ፕሮቲኖች ናቸው። የደም ግፊት ያለበት ዘመድ ካለ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የምትባለውን ኪኒን ያውቃታል። ኪኒኗ ኩላሊት ውስጥ ሄዳ የምትዘጋው አጓጓዥ፣ ኤስኤልሲ12ኤ3 የሚባለው፣ ከዚሁ ቤተሰብ ነው። የዚህ አጓጓዥ ጂን መጀመሪያ ተነጥሎ የወጣው ደግሞ ከሰው ኩላሊት ሳይሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ፍላውንደር ከሚባል ጠፍጣፋ የባሕር ዓሣ የሽንት ፊኛ ነው።

ፈተናው ያለው ምደባው ላይ ነው። የዛሬዎቹ የአብዛኞቹ ዓሦች ቅድመ አያት ከ300 ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት መላ ጂኖሙ፣ ማለትም ሙሉ የዘር መረጃው፣ ተባዝቷል። ስለዚህ ሰው አንድ ቅጂ ባለው ቦታ ዓሣ ሁለት ሊኖረው ይችላል። አንዳንዱ ቅጂ ጠፍቷል፤ አንዳንዱ ሌላ ሥራ ይዟል። ሰው ጭራሽ የሌለውም አለ። ከዚሁ ቤተሰብ ኤስኤልሲ12ኤ10ን ውሰጂ። ዜብራፊሽ የሚባለው ትንሹ የላቦራቶሪ ዓሣ ሦስት ቅጂ አለው፤ አንደኛው ጨው በጣም ካነሰበት ውሃ ጨው ለመሳብ ያገለግለዋል። የመረጃ ቋቶች ግን ስም የሚሰጡት በአብዛኛው በራስ ሰር፣ መመሳሰልን አይተው ነው። ይኼው ጂን በአንዳንድ ዓሦች ውስጥ «ኤስኤልሲ12ኤ3 መሰል» ተብሎ ተመዝግቦ ብታገኚው አይግረምሽ። ስሙን አምነሽ ከቆጠርሽ ገምጋሚው እዚያው ይይዝሻል። መፍትሔው ጎረቤቶቹን ማየት ነው። ክሮሞዞሙ ላይ ከጂኑ ግራና ቀኝ ያሉት ጂኖች በተለያዩ ዓሦች አንድ ዓይነት ከሆኑ የዘር ሐረጉ ይታወቃል። ደግሞ ከአንድ ጂን የሚወጡ የተለያዩ ፕሮቲኖችን እንደ ብዙ ጂን አትቁጠሪ። ከእያንዳንዱ ጂን ረጅሙን አንድ ብቻ ያዢ። ጀማሪዎች ቁጥራቸው የሚያብጠው በዚህ ነው።

የጣና ነጭ ዓሣስ እንዳትዪኝ! ያ ከእያንዳንዱ ክሮሞዞም ስድስት ቅጂ ያለው ፍጡር ነው። ለማስተርስ አትንኪው፣ ለፒኤችዲ አቆዪው።

አሁን የማልወደውን ልንገርሽ። «ጂኖቹን ቆጠርን፣ የዘር ሐረግ ዛፍ ሣልን» ብሎ የሚያበቃ ጽሑፍ ሞልቷል። ያንቺ ከዚያ አንድ እርምጃ ይሂድ። ጂኖቹ በስንጥብ፣ በኩላሊትና በአንጀት ምን ያህል እንደሚሠሩ የሚያሳይ የአርኤንኤ መረጃ በነጻ ተለቋል፤ እሱን ጨምሪበት። አማካሪሽን ደግሞ ፊት ለፊት ጠይቂያቸው፦ ኮዱን የሚያይልኝ ማን ነው? «አንቺው ትወጪዋለሽ» ካሉሽ ከመጀመርሽ በፊት ሁለተኛ አማካሪ ከኮምፒውተር ሳይንስ በኩል ፈልጊ።

ላቦራቶሪ አለመኖሩ አያስፈራሽ። የጂኖቹ ቅደም ተከተሎች ኤንሴምብልና ኤንሲቢአይ በሚባሉት የኢንተርኔት የመረጃ ቋቶች ላይ ነጻ ናቸው። ቅደም ተከተሎቹን ጎን ለጎን ለማሰለፍ ማፍት፣ ለዛፉ አይኪውትሪ የሚባሉት ፕሮግራሞች ይበቃሉ። የዓሦቹን ቁጥር ካላበዛሽ መካከለኛ ላፕቶፕ ይችለዋል። መብራት ሲጠፋ ሥራው እንዳይቋረጥ ከባዱን ጋላክሲ በሚባለው የኢንተርኔት የትንተና ሰርቨር ላይ ጫኚው፤ አንቺ ብትዘጊም እሱ ይቀጥላል።

ይህን ሁሉ ስትጨርሺ እጅሽ ላይ ሊኑክስ፣ አር ወይም ፓይተን የሚባል የፕሮግራም ቋንቋ፣ እና ብዙ የጂኖም መረጃ የማጽዳት ልምድ ይቀራል። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትና የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚሠሩበት የበሽታ አምጪ ተህዋስያን ጂኖም ይህንኑ ሙያ ይፈልጋል። የሰብል ማሻሻያም እንዲሁ። ዓሣውን ራሱን ከወደድሽው ሰበታ የዓሣ ምርምር ማዕከል አለ። ውጭ ካሰብሽ ኖርዌይን እይ። የሳልሞን አገር ናት፣ እዚያ ፒኤችዲ በደመወዝ የሚሠራ ሥራ ነው፤ የሚገባውም በሥራ ማስታወቂያ ተወዳድሮ ነው።

ሲቪሽ ላይ የመመረቂያ ርዕሱን ብቻ ጽፈሽ አትለፊ። «ከ12 ዓሦች ጂኖም የጂን ቤተሰብ ለይቼ አውጥቻለሁ፣ ኮዱ ጊትሀብ ላይ አለ» ብለሽ ጻፊ (ጊትሀብ ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ ነው)፤ ቁጥሩን በራስሽ ተኪው። ኮዱን ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረሽ እዚያ አስቀምጪ። ለመመረቂያ ሲደርስ አስተካክላለሁ ያለ ሰው ሲያስተካክል አላየሁም።