ቺንጋውን ራስህ ቀይረው፣ ፑሌጃዎቹን ግን ሳትፈትሽ እንዳትገጥም

ወንድሜ፣ ናፍጣ ፒካፕህ ጠዋት ሲነሳ ይጮኻል፣ ቺንጋ ይቀየር ተብለሃል፣ ራሴ ልቀይረው ወይ ብለህ ጠይቀሃል። ቀይረው፣ ከባድ አይደለም። የማወራው ከውጭ ስለሚታየው፣ ዲናሞውንና የመሪ ፓምፑን ስለሚያዞረው ረጅም ቺንጋ ነው። ሞተሩ ውስጥ ተሸፍኖ ያለው የታይሚንግ ቺንጋ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን እንዳትነካው። ብዙ ሰው አዲስ ቺንጋ ይገጥምና ድምፁ ወዲያው ሲመለስ "ፎርጅድ ሸጡልኝ" ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ቺንጋው ከሚነካቸው ነገሮች ነው።

መጀመሪያ ድምፁን ለየው። ሞተሩ እየሠራ፣ እጅህንና ልብስህን አርቀህ፣ ጥርስ ባለው በኩል ትንሽ ውሃ ርጭበት። ጩኸቱ ለአፍታ ጠፍቶ ከተመለሰ ፑሌጃዎቹ (ቺንጋው የሚዞርባቸው መዘውሮች) መስመር አልጠበቁም። ውሃ ሲነካው ከባሰበት ቺንጋው እየተንሸራተተ ነው፤ ወይ አልቋል፣ ወይ መወጠሪያው (ቺንጋውን ወጥሮ የሚይዘው ባለ ስፕሪንግ ክንድ) ደክሟል። ጩኸት ያጠፋል የሚባለውን ስፕሬይ ተወው፤ ችግሩን ይሸፍናል እንጂ አያድነውም።

ስትገዛ የአሮጌውን ቁጥር አንብብ። ለምሳሌ 7ፒኬ2300 ካለ 7 መስመር ጥርስ፣ 2300 ሚሊ ሜትር ርዝመት ማለት ነው። ደግሞ "አልተሰነጠቀም" ብለህ አትዘናጋ። የአሁኖቹ ኢፒዲኤም ከሚባል ጎማ ስለሚሠሩ ሳይሰነጠቁ ጥርሳቸው እየተበላ ያልቃሉ።

ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍታ። ሁለት ባትሪ ያለው ከሆነ የሁለቱንም። አሮጌው ሳይወጣ መንገዱን በስልክህ ፎቶ አንሳ። መወጠሪያው ላይ ባለ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ወይም የቡሎን ራስ ታገኛለህ፤ ረጅም ቺያቬ አስገብተህ ግፋውና ቺንጋውን ከለስላሳው ፑሌጃ ላይ አውርደው። መወጠሪያውን ቀስ ብለህ መልስ። ካመለጠህ ስፕሪንጉ ለጣትህ አይራራም። በካቻቢቴ ፈልቅቆ ማውጣት የሚወዱ አሉ፤ የፑሌጃው ጠርዝ ከተጎዳ አዲሱን ቺንጋ እየላጨ ይጨርሰዋል።

አሁን አትቸኩል። ቺንጋው ወጥቶ ሳለ ፑሌጃዎቹን አንድ በአንድ በእጅህ አዙር፣ ነቅንቅም። ጥሩ ኩሽኔታ (ፑሌጃው መሃል ሆኖ የሚያሽከረክረው) ድምፅ የለውም፣ አይወላገድም። የሚቆረቁር ነገር እጅህ ላይ ከተሰማህ፣ ወይም አንዴ ስትመታው ያለ ማቆም ከተሽከረከረ፣ ግሪሱ አልቋልና ቀይረው። የውሃ ፓምፑን ከሥሩ እይ፤ ውሃ ወርዶ የደረቀበት ምልክት ካለ ቺንጋውን ደግመህ ከምትፈታ አሁኑኑ ጨርሰው። ዘይት የሚያንጠባጥብ ነገር ካለም ቀድመህ አስተካክል፣ ዘይት የጠጣ ቺንጋ አይቆይም።

የክራንኩን ፑሌጃ፣ ማለት ከታች ሆኖ ቺንጋውን የሚያዞረውን፣ ለብቻው በባትሪ መብራት እየው። በብዙዎቹ ላይ ውጩና ውስጡ በጎማ ቀለበት የተያያዙ ናቸው። ናፍጣ ሞተር ንዝረቱ ኃይለኛ ስለሆነ ያ ጎማ ይሰነጠቃል፣ ይወጣል። እሱ ከሄደ ፑሌጃው መወላገድ ይጀምራል፤ ያኔ የትኛውም ቺንጋ ዝም አይልም።

ይሄን ሁሉ የምለፈልፈው ለጩኸቱ ብቻ አይደለም። በአንዳንድ ናፍጣ ሞተሮች የፍሬኑ ቫኩም ፓምፕ ዲናሞው ጀርባ ላይ ነው ያለው። ቺንጋ መንገድ ላይ ከተበጠሰ ቻርጅ ብቻ ሳይሆን የፍሬን እገዛም ይሄዳል፤ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል።

ስትገጥም ጥርሱ ጥርስ ባለው ፑሌጃ ላይ፣ ጀርባው ለስላሳው ላይ ይውላል። ለስላሳውን መጨረሻ አድርገው። ከዚያ አንድ መስመር ዘሎ እንደሆነ በጣትህ ዳስስ፣ በተለይ ታች ክራንኩ ጋ፣ እዚያ ዓይን አይደርስም። አስነሣውና የመወጠሪያውን ክንድ ተመልከት። በስሎ ላይ (ነዳጅ ሳትረግጥ) በጣም የሚዘል ከሆነ እሱም ይቀየር።

አሮጌው ካልተተለተለ አትጣለው፤ ከቺያቬው ጋር ከወንበር ኋላ አስቀምጠው፣ ለክፉ ቀን ቤት ያደርስሃል። ውሃ ስትረጭበት ድምፁ ምን እንደሆነም እዚሁ ጻፍልን።