ብሌዶቹን ከመሸጥህ በፊት ዘንጋቸውን ለካ

ከድሬዳዋው ሳቢያን ሰፈር የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህን ይላል። ጠያቂው ጎልፍ የለመደው አዲስ አበባ ሲሠራ ነው። ወደ ድሬዳዋ ሲመለስ ያገለገሉ ብሌድ አይረኖች፣ ማለትም ጀርባቸው ያልተቦረቦረ የብረት ራስ ያላቸው ዱላዎች፣ ከ4 እስከ 9 ቁጥርና አንድ ዌጅ (ለአጭር ርቀት የሚሆን ዱላ)፣ ከአንድ ነጋዴ ገዛ። ኳሱ ዝቅ ብሎ ወደ ቀኝ ይሸሻል። ጠዋት ጠዋት ሲመታ እጁን እስከ ክርኑ ይነዝረዋል። የዱላዎቹ ታችኛው ክፍል በአፍንጫው፣ ከዘንጉ በራቀው ጫፍ፣ በኩል ብቻ ተፋፍቋል። እጀታዎቹ የዘንጉን የመጀመሪያ እርከን ሸፍነውታል። 7 ቁጥሩ የሚሄደው የጓደኛውን 8 ቁጥር ያህል ነው፤ በዚያ ላይ ሲወዘወዝ «ቀጭ» ይላል። ጠያቂው ቀኝ እጅ ነው፣ ቁመቱም 1 ሜትር ከ84። «ብሌድ ለእኔ አይሆንም ማለት ነው? ሽጬ ሌላ ልግዛ?» ሲል ይጠይቃል።

ወንድሜ፣ በድሬ ወግ አንተ እያልኩ ልመልስልህ።

ከሁሉ በፊት 7 ቁጥሩን ከእጅህ አውርደው። ያ ድምፅ ራሱን ከዘንጉ ጋር የያዘው ማጣበቂያ መልቀቁን ይናገራል። የ7 ቁጥር ራስ 270 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ መካከለኛ ተጫዋች ሲወዘውዘው በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይፈጥናል። ከዓመታት በፊት ከዚራ ሰፈር ውስጥ በአንድ ግቢ በሱፐር ግሉ የተጣበቀ ራስ ተነቅሎ ሲበር አይቻለሁ። የቆርቆሮውን አጥር በስቶ ወጣ። የቀዳዳው ጠርዝ ወደ ውጭ ተቀድዶ እንደ ጥርስ ቆሞ ነበር፤ ሦስት ጣት ያስገባል። ከአጥሩ ማዶ መንገድ ነው፤ በዚያች ደቂቃ ሰው አላለፈበትም። ራሱ የሚነቃነቅ ዱላ አይወዘወዝም፤ ለአንድ ኳስም ቢሆን።

አሁን ወደ ችግርህ። ጥያቄህን አንብቤ ሳልጨርስ «ዘንጎቹ ተቆርጠዋል» አልኩ። እርከን ያለው የብረት ዘንግ ከላይ ወፍራም ሆኖ ወደ ታች በየእርከኑ እየቀጠነ ይሄዳል። የመጀመሪያው እርከን አብዛኛውን ጊዜ ከእጀታው በታች ለዓይን ይታያል። እጀታው ከሸፈነው አንድ ሰው የላይኛውን ጫፍ ቆርጦ እጀታውን መልሶ አልብሶታል ማለት ነው። የቀድሞው ባለቤት አጭር ሰው ሳይሆን አይቀርም፤ ወይም ለልጁ ብሎ አሳጥሮት ይሆናል።

ሌላው ሁሉ ከዚህ ይመጣል። ረጅም ሰው አጭር ዱላ ሲይዝ እጁ ከመሬት ከፍ ብሎ ስለሚቀር ዘንጉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ያን ጊዜ ተረከዙ፣ በዘንጉ በኩል ያለው የራሱ ጫፍ፣ ይነሳና አፍንጫው መሬቱን ይፍቃል፤ ታችኛው ክፍል በአፍንጫው በኩል ብቻ የተፋፋቀው ለዚህ ነው። አፍንጫው ሲወርድ ኳሱን የሚመታው ፊቱ ወደ ቀኝ ያያል፤ ኳሱም ፊቱ ወዳየበት ይሄዳል። ዱላው ወደ ኳሱ ሥር በደንብ ስለማይደርስ ደግሞ ኳሱን በታችኛው ጠርዙ ወገቡ ላይ ይመታዋል። ዝቅ ብሎ መሄዱም፣ የእጅህም መንዘር ከዚሁ ነው።

ግምቴን በሜትር አረጋግጥልኝ። ዱላውን እንደምትመታበት አድርገህ ወለል ላይ አሳርፈውና ከተረከዙ ሥር ጀምረህ በዘንጉ ጀርባ እስከ እጀታው ጫፍ ለካ። 7 ቁጥር 94 ሴንቲ ሜትር አካባቢ መሆን አለበት፤ 5 ቁጥር 96.5፣ 9 ቁጥር 91.5። በየቁጥሩ መካከል 1.3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ልዩነት ይኖራል። የቆዩ ብሌዶች ከዚህ በ1 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢያንሱ አትደንግጥ። 7 ቁጥርህ 91 ወይም ከዚያ በታች ከመጣ ግን ጥርጣሬዬ ትክክል ነው። በቁጥሮቹ መካከል ያለው ልዩነት አንዱ ጋ 2፣ ሌላው ጋ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ከሆነም በዓይን ግምት በመጋዝ ተቆርጠዋል ማለት ነው፤ እንዲህ ዓይነት ሥራ በተደጋጋሚ እጄ ገብቷል፤ ባየሁት ቁጥር ያበሽቀኛል።

7 ቁጥርህ የጓደኛህን 8 ቁጥር ያህል መሄዱን ከበሽታዎቹ መዝገብ ሰርዘው። ቁጥሩ ስም ብቻ ነው። የቆየ ብሌድ 7 ቁጥር ፊቱ ከ34 እስከ 36 ዲግሪ ያዘነብላል፤ ለጀማሪ የሚሠሩት የዛሬዎቹ 7 ቁጥሮች ግን ከ28 እስከ 30 ብቻ ናቸው። የጓደኛህ ዱላ ከዛሬዎቹ ከሆነ 8 ቁጥሩና የአንተ 7 ቁጥር በዲግሪ አንድ ዱላ ናቸው ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ሳለህ የነበረህን ርቀትም እዚህ አትፈልገው፤ እዚያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ በሳሳ አየር ነበር የምትመታው፣ ድሬዳዋ ያለችው 1,200 ላይ ነው። ሙቀቱ ትንሽ ቢያግዝህም ጥቂት ሜትሮች ይጎድሉብሃል።

ብሌድ ይሁን ሌላ፣ ዱላ ለምን ይነዝራል የሚለውን ግን ጠለቅ ብዬ ልንገርህ፤ ምርጫህ በዚህ ላይ የቆመ ነውና። ውሃ በጠፋ ሰሞን ሁለት ጀሪካን በረጅም እንጨት ዳርና ዳር አንጠልጥሎ በትከሻው የተሸከመ ሰው አስብ። ከኋላው ብትጠራውና ዞር ሊል ቢሞክር ጀሪካኖቹ ቶሎ አይታዘዙትም። ሰውየው ዞሮ እንጨቱ ገና ይጎተታል፤ ማዞር ከጀመረ በኋላም ማቆሙ ሌላ ትግል ነው። እነዚያኑ ጀሪካኖች ወደ ትከሻው አስጠግቶ ቢያንጠለጥላቸው ግን እንደ እንዝርት ይሽከረከራል። ውሃው ያው ነው፣ ክብደቱም ያው። የተለወጠው ከመሐሉ ያለው ርቀት ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ አልዞርም ባይነቱ እጥፍ አይደለም የሚሆነው፣ አራት እጥፍ ነው።

ይህን ወደ ዱላው ራስ አምጣው። ብሌድ ጀርባው ሙሉ ነው፤ ብረቱ በመሐሉ ተከማችቷል፣ ጀሪካኖቹ ትከሻው ሥር ናቸው። ካቪቲ ባክ የሚባለው ጀርባው የተቦረቦረው ዱላ ደግሞ ከመሐሉ የወጣው ብረት ወደ አፍንጫው፣ ወደ ተረከዙና ወደ ታች ተወስዶለታል፤ ጀሪካኖቹ ዳርና ዳር ተሰቅለዋል። ኳሱን በመሐል ካገኘኸው በሁለቱ መካከል ልዩነቱ ትንሽ ነው። አንድ ጣት ያህል ወደ አፍንጫው ስትስት ግን ብሌዱ እጅህ ውስጥ ይጠመዘዛል፤ ወደ ኳሱ መሄድ የነበረበት ጉልበት ዘንጉን ይዞ ወደ ክርንህ ይመጣል። ካቪቲ ባኩ ይህን ጥምዘዛ ይቋቋማል። ይህን ሐሳብ ለጎልፍ ዱላ በሰፊው ያዋለው በጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ የነበረው ካርስተን ሶልሃይም ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ክብደቱ ወደ ዳር የወጣ ፓተር (ኳሱን ወደ ጉድጓዱ የሚያንከባልል ዱላ) ሠርቶ ሲመታ በሚያሰማው ድምፅ ፒንግ ብሎ ሰየመው፤ በ1982 የወጣው ፒንግ አይ 2 አይረንም በዚሁ ሐሳብ የተሠራ ነው። ስመ ጥሩው ተጫዋች ታይገር ዉድስ ደግሞ በሙያ ዘመኑ በአብዛኛው በብሌድ ተጫውቷል። እሱ መሐሉን ብዙ ስለማይስት እምብዛም አይነዝረውም፤ ብሌድ የሚሰጠውን፣ ኳሱን በፈለገው መንገድ የማጠፍ ነጻነትና በእጅ የሚሰማ ንጹሕ ምት፣ ይወስዳል።

ስለዚህ ብሌድ ይሆነኛል ወይ የሚለውን የሚመልስልህ የመሐል ምትህ ነው፤ ዱላው አጥሮ ሳለ ግን መሐልህ የት እንደሆነ ማወቅ አትችልም። ለዚህ ነው በቅድሚያ ርዝመቱን መልስ የምልህ።

የጎደለው እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ማስረዘሚያ ይበቃዋል። እጀታውን ቅደድና አውጣ፤ የቀድሞው ሠራተኛ ከሥሩ ሁለት ሦስት ዙር ስኮች ጠቅልሎ ታገኝ ይሆናል፣ ሙልጭ አድርገህ ላጠው። ከአሉሚኒየም ወይም ከብረት በቶርኖ ማሽን የወጣ ቁራጭ፣ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትሩ ዘንጉ ውስጥ የሚገባና የውጪው ውፍረት ከዘንጉ ጋር እኩል፣ 15 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ፣ በኤፖክሲ አጣብቅ። የምድር ባቡር ወርክሾፕ ያሳደጋቸው ቶርነሮች ባሉበት ከተማ ይህን ቁራጭ የሚያወጣልህ አታጣም። እንጨት እንዳታስገባ፤ በእኛ ሙቀት ይደርቅና ይላላል። ጉድለቱ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ማስረዘም ትተህ ዘንጉን ቀይር። ርካሽ የሚሸጡትን ስመ ጥር ምልክት የተለጠፈባቸውን ዘንጎች አትንካ። ከአንድ እሽግ ሦስት አውጥቼ መዝኜ ሦስቱም የተለያየ ክብደት ነበራቸው።

ከዚያ 7 ቁጥሩ። አንገቱን፣ ዘንጉ የሚገባበትን የራሱን ክፍል፣ በትንሽ የጋዝ እሳት ቀስ ብለህ አሙቅ፣ ራሱን ጠምዝዘህ አውጣ። ጭሱ መርዝ ነውና ደጅ ሥራው፣ መነጽር አድርግ። በአንድ ዱላ ውስጥ የለስላሳ ቆርቆሮ ቁርጥራጭ እንደ ሽብልቅ ተወትፎ አግኝቻለሁ፤ በሌላው ደግሞ ራሱን ከዘንጉ ጋር በየዱት፣ ዘንጉ ብየዳው ሥር ተቃጥሎ እንደ ሸንኮራ ተሰበረ። አሮጌውን ማጣበቂያ ከአንገቱ ውስጥ በሽቦ ብሩሽ ጠራርግ፣ የዘንጉን ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት አሻክር፣ ሁለቱንም በአሴቶን አጽዳ። ከዚህ በኋላ በጣትህ አትንካው። የአንገቱ ቀዳዳ 9.0 ወይም 9.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ዘንጉ በዚያው ልክ ካልሆነ አትሰርስር፣ ልኩን ፈልግ። በአምስት ደቂቃ ደረቅኩ የሚል ማጣበቂያ አትጠቀም፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ዱላህን አንድ ቀትር ብትተወው ይለሰልሳል። ቀስ ብሎ የሚደርቀውን ሁለት ቱቦ ያለውን ኤፖክሲ ግዛ፣ 24 ሰዓት ሙሉ ተወው። ከዚያ ዘንጉን በእንጨት መካከል አድርገህ ሞርሳ ላይ እሰርና ራሱን በእጅህ አጥብቀህ ጠምዝዝ። ካልተነቃነቀና ካልጮኸ ብቻ ይወዘወዛል።

ርዝመቱ ሲመለስ የዘንጉ አቋምም አብሮ ይስተካከላል፤ 2.5 ሴንቲ ሜትር ወደ 2 ዲግሪ ያህል ያስተካክልልሃል። ስለዚህ ማንም «አጥፌ ላስተካክልልህ» ቢልህ ከማስረዘሙ በፊት እሺ አትበል። ከተመለሰ በኋላ በኳሱ ጀርባ በማርከር ቀጥ ያለ መስመር አስምርና መስመሩን ወደ ፊቱ አዙረህ ምታ። ፊቱ ላይ የታተመው መስመር ቀጥ ብሎ ከቆመ ጨርሰሃል። አናቱ ወደ ተረከዙ ካዘነበለ አፍንጫው ገና ይወርዳል፣ ወደ አፍንጫው ካዘነበለ ከልኩ አልፈህ አሁን የሚወርደው ተረከዙ ነው። ያን ጊዜ አንድ ሁለት ዲግሪ ማጠፍ ይቻላል፤ ግን በማጠፊያ ማሽን፣ በመዶሻ አይደለም፤ የተቀጠቀጠ ለስላሳ ብረት ከሆነም ብቻ። ክሮሙ በተጫረበት ቦታ ዝገት ካየህ ለስላሳው ካርቦን ብረት ነው፣ ይታጠፋል። ብዙ ተጭሮ ምንም ካልዛገ በቅርጽ የፈሰሰ ስቴንለስ ሊሆን ይችላል፤ እሱ አንገቱ ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስንጥቅ ያለበት አንገትም እንደ ለቀቀው ራስ ነው፤ አትወዝውዘው።

አሁን ፈተናው። ፊቱን በጠመኔ ነጭ አድርገህ በ7 ቁጥር አሥር ኳስ ምታና ምልክቶቹን ተመልከት። ስድስት ሰባቱ የአንድ ብር ሳንቲም በሚሸፍነው ክብ ውስጥ ካረፉ ብሌዶችህን አትሽጥ፤ በክብር ያዛቸው። ፊቱን ሙሉ ከተበተኑ 4፣ 5 እና 6 ቁጥርን በካቪቲ ባክ ተካ፤ ስህተት የማይምሩት ረጃጅሞቹ ብሌዶች ናቸውና። 8፣ 9 እና ዌጁን ግን አቆያቸው። በአጭር ዱላ ብዙ አትስትም፤ ቀጭኑ ታችኛው ክፍልም በእኛ ደረቅ መሬት ላይ ሳይንሸራተት ኳሱ ሥር ይገባል። በለቀቀ አሸዋ ላይ ግን ይቀበራልና ለልምምድ ጠጣሩን መሬት ምረጥ። አሸዋ ስል የደቻቱ ወንዝ ሆድ ትዝ አለኝ። በበጋ ደረቅ ነው ብለህ ብትመርጠው አልፈርድብህም፤ ሆኖም ጎርፉ ከላይ ከደጋው ስለሆነ የሚመጣው ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ይደርስብሃል። የ1998 ዓ.ም.ን የክረምት ጎርፍ ያየ ሰው ደመና ባየ ቁጥር ከዚያ ይወጣል።

የሁሉንም ርዝመት ከ4 እስከ ዌጅ በወረቀት ጽፈህ ላክልኝ፤ ማስረዘም ወይስ ዘንግ መቀየር እንደሚያዋጣህ በየቁጥሩ እነግርሃለሁ። እስከዚያ ለልምምድ 8 ቁጥሩን ውሰድ፤ መጀመሪያ ግን እሱንም ሞርሳ ላይ ጠምዝዘህ ፈትሸው። 7 ቁጥሩን ከቦርሳው አውጥተህ ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይወዘውዘው ቆልፍበት።